የአባቴ ሽጉጥ ቁጥር

አባቴን የወሰዱት ሰዎች ለእሱ ደረሰኝ አልሰጡም፤ ለሽጉጡ ግን ሰጥተዋል። «ሽጉጥ አንድ» ይልና ቁጥሩን፣ ማኅተሙንና የተረካቢውን ፊርማ ያስከትላል። እናቴ ወረቀቷን እስከ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አኑራታለች። አባቴ መኮንን ነበር። አልተመለሰም፤ ሞቷል ብሎ የነገራትም የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

እኔ ደግሞ እዚህ ሚኒሶታ የአሮጌ ወታደራዊ ሽጉጥ ሰብሳቢ ሆንኩ። አዘቦቱን ፍሪድሊ በምትባል ከተማ፣ ለልብ ሕሙማን የሚተከል ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በማጉያ መነጽር እንከን ስፈልግ እውላለሁ። ቅዳሜ በየአዳራሹ የመሣሪያ ገበያ እየዞርኩ አቃቂር አወጣለሁ። ከአገር ቤት መጋዘኖች አሮጌ መሣሪያ በጅምላ ተገዝቶ እዚህ መሸጥ ከጀመረ ወዲህማ አንድም ቅዳሜ አላመለጠኝም። ሻጭ «ኦሪጅናል ነው» ሲለኝ ሳቄ ይመጣል። አብዛኞቹ ፈርሰው የተገጠሙ፣ የአንዱ አፈሙዝ ለሌላው የተሰጠ ናቸው። ዝገት የበላው ጉድጓድ ላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ካየሁ፣ የተቀረጸው ፊደል ጠርዙ ከሞለጨ፣ ታድሷል። ይህን ፊት ለፊት ስለምናገር ብዙ ሰው ጠልቶኛል። ባለቤቴ እንኳ «አንተ እኮ እኔን ስታገባኝ ጥርሴ ኦሪጅናል መሆኑን ቼክ አድርገሃል» ትለኛለች።

አምና በመከር፣ እዚሁ ብሩክሊን ፓርክ አካባቢ በተደረገ ገበያ፣ ያንን የደረሰኙን ቁጥር አንዲት ሽጉጥ ላይ አየሁት። አሃዙን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ደገምኩት። ማጉያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ሌላ ሰው ቢያደርገው ጅል ብዬ የምሰድበውን ነው ያደረግሁት። ገዝቼ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የአባዬን ሽጉጥ አገኘኋት።»

ቁጥሩን ስነግራት ወረቀቱን ሳታይ አብራኝ ጨረሰችው።

«እሷ ባሕር ተሻግራ ከተሸጠች፣ ባለቤቷማ አፈር ሆኗል» አለችኝ።

በሳምንቱ ዕድሩ ደጃፏ ላይ ድንኳን ጣለ። እኔ የላክሁትን የሽጉጡን ፎቶ በትልቁ አሳጥባ፣ አባቴ በወታደር ልብሱ ከተነሳው ጎን አስቀመጠችው። የስንት ዓመት እንባዋን በሦስት ቀን አፈሰሰችው። በስልክ እያየኋት እኔም አለቀስኩ፤ እውነት ለመናገር ኩራትም ነበረበት።

ወር ሳይሞላ ሽጉጧን ይዤ እዚሁ ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚኖሩት ሃምሳ አለቃ ቤት ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ በአገር ቤት መሣሪያ ጥገና ያገለገሉ፣ እዚህ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ብቻ ነው ያሳየኋቸው። አገላበጧት፤ ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱትና ሳቁ።

«ይቺን የመታኋት እኔ ነኝ!»

«ምኗን?»

«ቁጥሯን ነዋ! የአራት ቁጥሯን እግር አየኸው? ጉርድ ነው። የአራት መምቻዬ ጫፉ ተሰብሮ ሌላ የሚሰጠኝ ስላጣሁ በእሱው ስሠራ ኖርኩ።»

ያን ጊዜ ማጉያዬን አወጣሁ። የአራቷ እግር ጉርድ ነው። ከሥሩ ተሞርዶ ያልጠፋ የሌላ አሃዝ ጥላ ይታያል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

«ቆጠራ ሲመጣ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ከጎደለ ግምጃ ቤት ኃላፊው ይታሰራል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ሽጉጡን አንዱ አለቃ ወስዶት ይሆናል፤ ማን ይጠይቀዋል? ያልተመዘገበች ሌላ ፈልገን፣ የራሷን ቁጥር ሞርደን፣ የጎደለውን እንመታባታለን። መዝገቡ ሞላ፣ ሁላችንም በሰላም ቤታችን ገባን።»

«የፊተኛዋስ?»

«እሷማ ምኑን አውቄ፣ ልጄ? ሌላ ቁጥር ተመትቶባት ይሆናል። ሻይ ልድገምህ?»

ልጮህባቸው ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ? ቤቴ ካሉት ሰባት ሽጉጦች አንዷ የአባቴ ልትሆን ትችላለች። ቁጥራቸውን ብቻ አይቼ የሻጭ ጠረጴዛ ላይ ከተውኳቸው አንዷም ልትሆን ትችላለች። ማወቂያ የለውም፤ መቼም አይኖረውም።

እሑድ እናቴ ደወለች። ከለቅሶው ወዲህ ድምጿ ቀለል ብሏል፤ እህል እንደሚወርድላት፣ እንቅልፍም እንደሚወስዳት ነገረችኝ። ከዚያ፦

«አንዷ ጎረቤት እንዲህ ያለ ነገር ሊሳሳት ይችላል ብላ ልቤን ሰቀለችው። አንተ አዋቂ ነህ። እሷው ናት አይደል?»

«እሷው ናት፣ እማዬ።»

«አውቄዋለሁ። እኔኮ መንግሥት ራሱ መጥቶ ሞቷል ቢለኝ አላምንም ነበር፤ ያለቀስኩት አንተ ስላልከኝ ነው።»