ባዶውን የተመለሰ ጣሳ

ልጄ ልትጠይቀኝ በመጣች ቀን ደባርቅ ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ልጄ፣ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቄሱ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴም ነን።

ልጄ ኔትወርክ ትሠራለች። ዳባት ቤት ተከራይታ፣ መስመር በተበላሸበት ሁሉ እየወጣች ትጠግናለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ ሥራዋን ሲጠይቁኝ «ስልክ ነው» እላለሁ።

ቄሱ ጠየቋት። «ልጄ፣ ይኼ መልእክት ማን መርቶት ነው የሚደርሰው?»

«አባ፣ አንድ ላይ አይሄድም። ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ የተቀባዩ አድራሻ ይጻፍበታል። መንገድ ላይ ያሉት ማሽኖች ውስጡን አያዩም። ለየትኛው ጎረቤት ቢያቀብሉት ቶሎ እንደሚደርስ ብቻ ነው የሚያዩት።»

«ውስጡን ሳያይ የሚያቀብል ጎረቤት በኛ ሰፈር የለም» አለች ጎረቤቴ።

«አንቺማ ቀምሰሽ ነው የምታቀብዪ» አሏት ቄሱ።

እኔ «መንገድ ላይ ቢጠፋስ?» አልሁ።

«አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ይዞራል። ተቀባዩ ‹ደረሰኝ› ይላል። ያ መልስ ከቀረ ላኪው እንደገና ይልካል።»

«እንደ ጣሳው።»

«እንደ ጣሳው፣ እማዬ።»

ኔትወርክ ሲጠፋ በወተት ጣሳ ዳቦ ቆሎ ሞልቼ ለልጄ እንዲያደርስልኝ ለአውቶቡስ ረዳት እሰጣለሁ። እኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እሷም ሎሚ ወይም ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጋበት ትመልሳለች። ያን ሳይ ደህና ናት ብዬ እተኛለሁ።

እሷ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። ጣሳውን ላክሁ። ታጥቦ፣ ባዶውን መጣ።

«የዛሬ ልጅ ናት፤ ረስታው ነው» አለች ጎረቤቴ።

ልጄ አትረሳም። ረዳቱን ስጠይቀው ጣሳውን የሰጠችው አከራይዋ ናት። ልጄ ኮሶዬ ድረስ መስመር ልትጠግን ወጥታ አልተመለሰችም። አከራይዋ ቆሎውን ክፍሏ አስቀምጣላታለች፤ በሷ ፈንታ ጣሳው ውስጥ የሆነ ነገር መጨመር ግን ፈርታለች።

አላለቀስሁም። ጣሳውን አገላብጬ አየሁት፤ ክዳኑን ገጠምሁት።

አንድ መንገድ ይዤ አልጠበቅሁም። አንድ ጣሳ በቄሱ እጅ ወደ ኮሶዬ፣ አንድ በሹፌር ወደ ጎንደር፣ አንድ በነጋዴ ወደ ድብ ባሕር ላክሁ። መሥሪያ ቤቷም እየፈለግናት ነው ይላል። ጣሳዎቹ እንደተሞሉ ተመለሱ። ቆሎውን አልነካሁትም።

ልጄ ረጅም ናት። ቡናማ ጃኬት ለብሳ፣ የመሣሪያ ቦርሳ ይዛ ነው የወጣችው። ያያችኋት ካላችሁ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ሻይ ለምትሸጠው ጎረቤቴ ንገሩልኝ።