ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት የተጫወትኩት ቴኒስ

ከኮምቦልቻ እስከ ሸዋ ሮቢት በቴኒስ የሚደርስብኝ ሰው አልነበረም። ይህን በድፍረት እናገራለሁ፤ ከኮምቦልቻ እስከ ሸዋ ሮቢት ቴኒስ የሚጫወት ሰው ራሱ አልነበረማ! እኔም ብሆን ራኬት በእጄ ነክቼ አላውቅም። የኔ ቴኒስ ከሚሴ ውስጥ፣ ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ጌም ቤት፣ የሰውን ፊት ሁሉ አረንጓዴ በሚያደርግ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ነበር። እዚያም ቢሆን ባለቤቱ ሁልጊዜ ይረታኛል።

ባለቤቱ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ሲነግድ የኖረ፣ በር ላይ ሲቆም ቀኑን የሚያጨልም ግዙፍ ሰው ነው። ጌሙ ሲያዩት የሕፃን መጫወቻ ነው፤ አንዱ አውራ ጣት በጆይስቲኩ ተጫዋቹን ያስሮጣል፣ ሌላው መምቻዋን ቁልፍ ይጫናል፣ አለቀ። ጉዱ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ኳሷ ሳትደርስ ቀድመህ ተጭነህ ከያዝክ እንደ መድፍ ትወጣለች። ግን መምቻዋን እንደያዝክ እግርህ ይተከላል። ቦታ ስተህ ከሆነ ኳሷ በአጠገብህ ስታልፍ ቆመህ ትሸኛታለህ።

ያን ቀን ግን ጨዋታ አምሮኝ አልገባሁም። ሚስቴ ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፤ የመጀመሪያችን ነው። አዋላጇ፣ “እስከ ቀትር ካልወለደች ወደ ደሴ እንልካታለን” አለች። የዚያን ዓመት ጎረቤቴ ሚስቱን ለወሊድ ደሴ ወስዶ ብቻውን ነበር የተመለሰው። ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማይጠፋኝ ሰውዬ ሰዓት መቁጠር ጀመርኩ።

የሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ስንቆራጠጥ የሚስቴ አክስት ወጥታ አፈጠጠችብኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ የሰውን ግቢ በእግርህ አረስከው እኮ! ሂድልን ከዚህ፣ እኛን ደግሞ ታስምጠናለህ እንዴ? ስትወልድ እጠራሃለሁ።”

“ባትወልድስ እትዬ?”

“አፍህን! ዱዓ አድርግና ዝም በል!”

አስፋልቱን ተሻግሬ ጌም ቤቱ ገባሁ። ባለቤቱ ቀና ብሎ አየኝ።

“ምነው መምህር? ሬሳ መስለሃል።”

“ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፣ አያ። ደሴ ሊወስዷት ነው።”

“ያ አላህ! ና ተቀመጥ።” ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። “ያዝ፣ እጅህ ሥራ ይያዝ።”

ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ጆሮዬ አስፋልቱ ላይ ሆነ። አምቡላንሱ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ወደ ደሴ እያጓራ የሚያልፍ አይሱዙ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። በሆዴ ውል መግባት ጀመርኩ፦ ይቺ ኳስ መረቡን ከተሻገረች ሚስቴ ትተርፋለች። ኳሷ መረቡ ላይ ተለጠፈች። ይቺማ አትቆጠርም፣ የሚቀጥለው ነው፣ አልኩ። የሚቀጥለውም መረብ። የምጥ ጣር በጆይስቲክ የሚቆም ይመስል አውራ ጣቴ እስኪነጣ እጫናለሁ።

“ኦብሲ መምህር፣ ታገስ እንጂ!” አለ ባለቤቱ። “ኳሷ ገና ማዶ ናት፣ አንተ እዚህ ተተክለህ ትጠብቃታለህ። ሳትመጣ ለምን ትፈራታለህ?”

“አንተ ፍየል እንጂ ሚስት አላስማጥክም!”

“ሰባት ወልጃለሁ እኮ፣ አንተ!”

ልመልስለት አፌን ስከፍት የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ። አዛኑ ሳያልቅ የአምቡላንሱ ሞተር ተነሳ፤ ጩኸቱ በቆርቆሮው በኩል ገባ፤ ከዚያ ወደ ደሴ አቅጣጫ እየራቀ ሄደ። ጆይስቲኩ ከእጄ ወደቀ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የኔ ተጫዋች ቆሞ ቀረ፤ ኳሷ በአጠገቡ አለፈች።

“አያ፣ አንተ እይልኝ። እኔ አልችልም።”

ወጣ። ቀስ ብሎ ተመለሰ። እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲራመድ አይቼው አላውቅም።

“አምቡላንሱ የለም” አለ። “ማንን እንደጫነ ግን አላየሁም።”

 የጎረቤቴ ፊት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ብቻውን ከሚኒባስ ሲወርድ በእጁ የያዘው የሚስቱን ጫማ ብቻ ነበር።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አክስትየዋ ናት፤ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፣ ታለከልካለች። ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ቴሌቪዥኑ እሷንም አረንጓዴ አድርጓታል፣ ምንም አይነበብም።

“ምን ያፈዝሃል?” አለች ትንፋሿ ሲመለስ። “ተገላግላለች! ሴት ልጅ!”

“ማን?”

“የጎረቤት ላም! ማን ትላለህ?”

“አምቡላንሱስ?”

ድምጿ ዝቅ አለ። “ሌላ ሴት ነው የጫነው። አላህ ያውጣት። አንተ ተነስ፣ እየጠራችህ ነው።”

ልነሳ ሞከርኩ። እግሬ የለም። ዱቄት እንደተሞላ ጆንያ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ባለቤቱ በአንድ ብብቴ ገባ፤ አክስትየዋ እየሳቀችም እያለቀሰችም መንገድ ላይ ወጥታ ባጃጅ አስቆመች። አስፋልቱ ከወዲያ ወዲህ ምራቅ ቢተፉ የሚደርስ ነው። ሹፌሩ “የት ልውሰዳችሁ?” ሲል አክስትየዋ በጣቷ ማዶ ያለውን በር አሳየችው። ሚስቴ ወልዳ፣ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ እኔ ግን የልጄን ፊት መጀመሪያ ያየሁት ፍየል ነጋዴና ባጃጅ ሹፌር ተሸክመውኝ ገብቼ ነው።