የአባቴ አራት ሰዓት

የካቲት 14፣ ማክሰኞ። የግራው ጫማ ሶል ተሰፍቶ አልቋል። የቀኙ ከተረከዙ እስከ መሐሉ ደርሶ ቆሟል፤ መርፌው ከነክሩ እዚያው ተሰክቷል። አባቴ ያን ዕለት ከምሳ በፊት «ትንሽ ደከመኝ» ብሎ ከሥራ ወንበሩ ተነሣ፤ አልተመለሰም።

እኔ ሰነድ ጠባቂ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። ከቀብሩ በኋላ የማውቀውን አደረግሁ፤ የጫማ መጠገኛ ሱቁን ዕቃ አንድ በአንድ መዘገብኩ። ወስፌ፣ ስድስት። ማስቲሽ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ የደረቀ። መዶሻ፣ እጀታው በአባቴ መዳፍ ልክ የጎደጎደ። የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ፤ ይሠራል፤ በስድስት ሰዓት የተሳሳተ።

በዚህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልካችንን ተከራክረናል። ተሰደን የምንኖርበት የዚህ አገር ሰው ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ አባቴ ከንጋት። እሱ ጠዋት «አራት ሰዓት» ሲል አገሬው «አሥር» ይላል፤ አገሬው አራት የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው። ተማሪ ሳለሁ ደንበኞች ተሳስተው እየመጡ ሲቆጡ አፈርኩና፣ የሱቁን የሥራ ሰዓት በአገሬው አቆጣጠር በትልልቁ ጽፌ አመጣሁለት። ከዚያ ወዲህ ለደንበኛ በአገሬው ሰዓት እንዲጽፍ ለመንኩት።

«እሺ፣ ተባረክ» አለኝ።

የአባቴ እሺ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚፈጽመውና ሰው የሚሸኝበት። ማስታወቂያዬን ሰሞኑን አገኘሁት፤ ከማስቲሹ ቆርቆሮ ሥር፣ ለጠረጴዛ መከላከያ። እሱንም መዘገብኩ።

ሱቁን ለአከራዩ የማስረክበው ዓርብ፣ 24 ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ጫማውን ወስዷል። የቀረው ይህ ያላለቀ ጥንድ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ሹፌሯ፤ ሐሙስ 23፣ 4 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ስም የለ፣ አድራሻ የለ። ካልመጣች የአባቴ የመጨረሻ ሥራ ከአሮጌ ሶል ጋር ሊጣል ነው።

ለደንበኛ የተጻፈ ሰዓት ነውና የአገሬው አራት ይሆናል ብዬ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጀምሮ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ሊመሽ ሲል ቁልፉን አውጥቼ ስቆም አንዲት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ስልሳ ዓመት የሚጠጋት፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። ሞቱን ከጎረቤት ሰምታለች። እጄን ጨብጣ ካጽናናችኝ በኋላ ወቀሳዋን ጀመረች።

«በአራት ሰዓት መጥቼ በሩ ዝግ ነው።»

ከአራት በፊት ጀምሮ እዚሁ እንደነበርኩ በትሕትና ነገርኳት።

«እኔ የምልህ የአባትህን አራት ነው» አለች። «ጠዋት። አንተ ልጁ አይደለህም እንዴ?»

ለካስ የመንገዱ ሰው በሙሉ የአባቴን ሰዓት ተምሮለታል። ፍራፍሬ ሻጩ ሳይቀር ቀጠሮ ሲይዝ «በጫማ ሰፊው ነው ወይስ በሌላው?» ይላል አለችኝ። ሰዓቱን ያልተማርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረችኝ። አባቴ እዚህ እንደመጣ የሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ቤት ተቀጠረ። አለቃው «ነገ ሰባት ሰዓት ና» አለው፤ ማለዳ ማለቱ ነው። አባቴ ምሳውን በልቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ በራሱ ሰባት፣ ያውም አሥር ደቂቃ ቀድሞ ከተፍ አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀበት፤ አለቃው በመጣበት እግሩ መለሰው።

«‹የራሴ የሱቅ በር እስኪኖረኝ በእናንተ ሰዓት እሠራለሁ፤ ያን ቀን ግን እናንተ በእኔ ትመጣላችሁ ብዬ ማልኩ› አለኝ» አለች።

በሩ እስኪገኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ከእንቅልፌ ስነሣ እሱ ለሥራ ወጥቶ፣ አልጋው ሁልጊዜ ተነጥፎ የማገኘው በእነዚያ ዓመታት ነበር። ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ማስታወቂያ ጻፍኩለት እንጂ።

ጫማው አለማለቁን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሌላ ሰፊ ጋ ልውሰደው ወይ አልኳት።

«ቀኙ እኮ ፍሬን የምረግጥበት ነው» አለች ወንበር እየሳበች። «ስፋው። እኔ እጠብቃለሁ።»

ልጅ ሳለሁ አባቴ ያሳየኝን ስፌት እጄ አልረሳውም። አሥራ አራት ስፌት ነበር የቀረው። የእሱ ስፌት እንደ መስመር ቀጥ ብሏል፤ የእኔ የሰከረ ሰው አካሄድ ይመስላል። አጥልቃው ወለሉን ሁለት ሦስቴ ደበደበችው።

«አውቶቡሱ ይቆማል» አለች። «ተሳፋሪው የትኛው ስፌት የማን እንደሆነ አያውቅም።»

ስትሄድ መዝገቡን ገለጥኩና «የግድግዳ ሰዓት» ከሚለው ጎን «የተሳሳተ» ያልኩትን ሰረዝኩ። በአባቴ ካፖርት ኪስ ደረሰኝ አግኝቼ ነበር፤ ቀኑ ያው የሞተበት ማክሰኞ ነው፣ ዕቃው አንድ ባትሪ። ያን ጠዋት አባቴ ከመንገዱ ማዶ ባትሪ ገዝቶ ተመለሰ፤ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ቀየረ፤ ሰዓቱን በራሱ አቆጣጠር አስተካከለው።