ስለ እኔ ስትናገር የኖረች ልጄ ትርንጎ

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤታችን አያ ሙላት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በር ላይ ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ የሚመጣው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በእጄ «አይሆንም፣ ተሳስታችኋል» አልኳቸው። «ትናንት የጻፈችልኝ ይኸው» ብዬ ስልኬን አሳየኋቸው።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ይላል። ገና አልመለስኩላትም ነበር።

ትርንጎ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ማክሰኝትን አለፍ ብሎ መኪናው ተገለበጠ አሉኝ። አያ ሙላት ሲናገሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

እኔ ድምፅ የለኝም። የማታውቁኝ ካላችሁ ለዚህ ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ታገሡኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቷ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም፣ ትርንጎ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ጎንደር አራዳ ገበያ ሽምብራና ባቄላ እሸጥ ነበር። ድምፄ ሻከረ። ብርድ ነው ብዬ ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጥኩ። አልለቀቀኝም። «እንጥልሽ ወርዶ ነው» አሉኝ። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄጄ አስቆረጥኩት። ደም እየተፋሁ ተመለስኩና ድምፄ ይመጣል ብዬ ሦስት ወር ጠበቅሁ።

አንድ እሑድ ሹሩባዬን ስትፈታልኝ እጇ አንገቴ ላይ ቆመ።

«እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው? ሽምብራ የዋጥሽ ትመስያለሽ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ እጄን እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ አፌን ከፍቶ በትንሽ መስተዋት አየና «ይህን ማን ነው የቆረጠው?» ብሎ ተቆጣ። ትርንጎ ቀደመችኝ፦ «እሷው ናት ሄዳ ያስቆረጠችው! እኔ ሐኪም ቤት እንሂድ ብያት ነበር።» እንዲህ አድርጋ ነው ያሳጣችኝ።

የጉሮሮ ነቀርሳ ነው አለኝ። አዲስ አበባ ሂጂ አለኝ። ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

ያኔ ያለ ቀበሌ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። ሊቀመንበሩ የሐኪሙን ደብዳቤ ገለባበጠና «ጉሮሮውን ያመመው ሁሉ አዲስ አበባ ከሄደ ጎንደር ማን ሊቀር ነው?» አለ።

«ጓድ፣ እርስዎ ይቀራሉ» አለችው።

በዚያ ዘመን በዚህ ቃል ሰው ይታሰራል። ሰውየው አያት፣ አያት፣ ከዚያ ሳቀና ማኅተሙን መታ። «ይችን ምላስ ለእናትሽ ብትሰጫት ሸጋ ነበር» አላት።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም እውነቱን ነገረኝ። የድምፄ ሳጥን ከነበሽታው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ እስክሞት ድረስ አልናገርም። እምቢ አልኩ። ድምፅ የሌላት ነጋዴ ምን ትሸጣለች? ልጇንስ በምን ትጠራታለች? ልብሴን መጠቅለል ጀመርኩ።

ትርንጎ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠችበት።

«እማዬ፣ አንቺ ኑሪልኝ እንጂ ንግግሩን እኔ እችለዋለሁ።»

በዚህች ቃል ተጽናንቼ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባሁ። ስነቃ አንገቴ ላይ ቱቦ ነበር። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፣ ነፋስ ብቻ ወጣ። የቀዳዳው ቁስል እስኪድን ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛሁ፤ አክታዬን በጨርቅ መጥረግ ትርንጎ ከነርሷ ተማረችና ከእኔ በተሻለ ትሠራው ነበር።

ቃሏን ጠበቀች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገበያ አጠገቤ ትቀመጥና ከንፈሬን እያየች ትናገርልኛለች። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሽምብራዬን ዘግና «ነቅዟል» አለች። እኔ «ደህና ነው» ነበር ያልኩት። ትርንጎ ግን «የነቀዘስ ዓይንሽ ነው ትላለች እማዬ» አለቻት። ሴትዮዋ አፈጠጠችብኝ። እኔ ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። ያቺ ልጅ ምን ብትል ጥሩ ነው? «በሆዷ ብላዋለች!»

ደግሞም ብዬዋለሁ። ሁልጊዜም ታውቀኝ ነበር።

አሁን ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልጻፍ።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች መምህራን ማሰልጠኛ ደረሳት፤ ሩቅ አገር ነበር። ደስታዋ ፊቷ ላይ ያበራ ነበር። እኔ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ማን ይናገርልኛል?» ብዬ ጽፌ ሰጠኋት። አነበበችው፣ አጠፈችው። በማግስቱ ገበያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አስተማሪነት የሚል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። እዚሁ ጎንደር ቢሮ ገብታ ጸሐፊ ሆነች። የጎረቤት ልጆች ስታይ ግን ፊደል ካላስቆጠርኳቸው ትል ነበር።

ዛሬ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሴቶቹ ሙሾ እያወረዱ እኔን ያያሉ። እናቷ ነኝና ከእኔ ሙሾ ይጠብቃሉ። ደረቴን እደቃለሁ፤ ከአንገቴ ቀዳዳ ፉጨት የሚመስል አየር ብቻ ይወጣል። አንዲት የማላውቃት ሴት «እናትየዋ ምነው አታለቅስም?» ስትል ሰማሁ። የሚመልስላት ሰው አልነበረም።

ትርንጎዬ፣ ከሞት አስጥለሽኝ እኔ ዕድሜሽን በላሁት። ያን ጊዜ ይቅርታ ብጠይቅሽ «ምን አድርገሽኝ?» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር፣ ስለዚህ አልጠየቅሁሽም። ዛሬ ነገ ስል አርባ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው።

ይቅር በይኝ ልጄ። እኔን ስትጠብቂ ኖርሽ፣ አንቺን ደግሞ እመቤቴ ትጠብቅሽ። ያኔ መጻፍ የነበረብኝ ሌላ ቃል ነበር፣ ዛሬ ጻፍኩት፦

ሂጂ። ለእኔ አታስቢ።