ግማሽ ጸጉር ቆርጦ የሚጠፋው ሰው

የሰፈሩ ሰው ጸጉር ቆራጩን «መጣሁ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። የአንዱን ጸጉር ግማሹን ይቆርጥና መቀሱን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጎ «መጣሁ» እያለ ወደ ጓሮ ይሮጣል። ጓሮ ደርሶ ግን ቆሞ መቅረት ነው፤ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ተመልሶ ማበጠሪያውን ሳያነሳ እንደገና ይመጣበታል።

ሲስቁበት አብሮ ይስቃል። ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አላለም። «እርጅና ነው» ብሎ ራሱን አሳመነና ውሃ መጠጣቱንም ተወ።

አንድ ቀን ጠዋት ሽንቱ ጭራሽ እምቢ አለ። ከእምብርቱ በታች እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ላብ አጠመቀው። ሚስቱ ጎንበስ ብሎ ሲያቃስት ደረሰችበት።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«ቆየ።»

«ቆየ? እኔ እዚህ ቤት ምንህ ነኝ ታዲያ?» ብላ እየደገፈች ሆስፒታል ወሰደችው።

ሆስፒታሉ ትንሽ ነው። አልትራሳውንዱ ከተበላሸ ወዲህ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል። ወጣቷ ዶክተር ማሽኑን ዞር ብላም አላየችው። ሆዱን በጣቶቿ መታ መታ አደረገችና «አባቴ፣ ፊኛዎ ሞልቷል፤ መጀመሪያ እናስተንፍሰው» አለች። ነርሱ ቀጭን ቱቦ አስገባለት። ሽንቱ ወደ ከረጢቱ ሲንዶለዶል ጸጉር ቆራጩ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንባው ወረደ።

ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ፣ ደም አይቶ እንደሆነ፣ ሲጀምር ያስምጠው እንደሆነ ጠየቀችው። ቀጥላ ጓንት አጠለቀችና በመቀመጫው በኩል በጣቷ መመርመር እንዳለባት ነገረችው።

«ልጄ፣ ሌላ መንገድ የለም?»

«ለጊዜው ማሽኔ ጣቴ ነው።»

ተሸነፈ። ነገሩ እንደፈራው አልነበረም፤ ቶሎ አለቀ።

«ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ አድጎ የሽንቱን መንገድ አጥብቦታል» አለችው። «ለስላሳ ነው፣ ቋጠሮ የለበትም፤ ካንሰር አይመስልም። ኩላሊትዎን በደም እናያለን። መድኃኒቱን ማታ ማታ ይዋጡ፤ ያዞራልና ሲነሱ ቀስ ይበሉ። በሳምንቱ ቱቦውን አውጥተን እንሞክራለን። እምቢ ካለ ቀዶ ጥገና አለ።»

ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ከረጢቱን ከሱሪው ስር አስሮ ሳምንቱን ቤት ዋለ። ቱቦው የወጣ ዕለት ውሃ እየጠጣ ኮሪደሩን ሲመላለስ ቆየና መጸዳጃ ቤት ገባ። ሚስቱ በሩ ላይ ጆሮዋን ጣለች። መጀመሪያ ዝም። ከዚያ ያልተቆራረጠ፣ ወፍራም የውሃ ድምፅ።

«እየሰማሽ ነው?» አላት ከውስጥ።

«ሆስፒታሉ በሙሉ እየሰማ ነው» አለችው፣ ሳቅ እያፈናት።

ዶክተሯ ሆዱን እንደገና መታ መታ አድርጋ ፊኛው ባዶ መሆኑን አረጋገጠችና እጁን ጨበጠችው።

ጸጉር ቆራጩ አሁን ሌላ አመል አውጥቷል። ዕድሜው ገፋ ያለ ወንድ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ምላጩን ጆሮ ስር ያስጠጋና፣ ሰውዬው ንቅንቅ እንደማይል ሲያውቅ «ሽንት እንዴት ነው?» ይላል። ቱቦውንም ጣቱንም ሳይደብቅ ይተርካል። ባለፈው አንድ ጡረተኛ ዳኛ ሰምተው ወሬውን ወደ ዝናቡ ቀየሩት። ተላጭተው፣ ፎጣው ተራግፎላቸው፣ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ግን ተመለሱ።

«ያቺ ዶክተር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በየትኛው ቀን ነው የምትገኘው?»

«ነገ አለች» አላቸው ምላጩን እየጠረገ። «ጠዋት ሱቁን ዘግቼ አብሬዎት እሄዳለሁ።»