ወደ ጎሬ የለበስኩት ሹራብ

ሥራ የጀመርኩት መቱ ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጀማሪ የስፖርት መምህር ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር። ሜዳው ጭቃ ስለሆነ ተማሪዎቹን ኮሪደር ላይ አሰልፌ ሰውነት ማሟሟቂያ አሠራኋቸው። ፊሽካዬ አዲስ ነበር፤ ናይለን ቱታዬም አዲስ። ላብ ሲጀምረኝ የክርኔ መታጠፊያ ይበላኝ ጀመር። ሳላስበው እጅጌዬን ሰብስቤ አከክሁት።

ከፊት የቆመችው ተማሪዬ ጫልቱ አየች። «በርሲሳ፣ ይተላለፋል እንዴ?» አለች። በኦሮምኛ መምህር ማለቷ ነው። የሁሉም ዓይን ክርኔ ላይ አረፈ።

«አይተላለፍም» አልኩ። «ችፌ ይባላል። ቆዳ ሲደርቅና ሲቆጣ የሚመጣ ነው። በመነካካት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።»

«ታዲያ ለምን ሸፈኑት?»

እጅጌዬን መልሼ ዘረጋሁ። የፈራሁት እነሱን አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ወታደር መሆን እመኝ ነበር፤ የስፖርት ትምህርት የመረጥኩትም ሠልጣኝ ወታደሮችን ለማሠራት ነው። በዚያው ጠዋት መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ወሬ ሰምቼ ነበር፤ ምልመላ ላይ ልብስ ያስወልቃሉ፣ ቆዳው ላይ ምልክት ያለበትን ይመልሳሉ የሚል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፀሐይም እጅጌዬን አልሰበሰብኩም።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ለሲስተር ሃና አሳየኋት። የጉልበቴን መታጠፊያም አየች።

«ያንተ ቀላል ነው» አለችኝ። «በእንክብካቤ ይረጋጋል።»

«ውትድርና ያስከለክላል?»

«እሱን የሚወስነው መርማሪው ነው። አንተ ብቻ እንዳትደብቅ።»

የነገረችኝን ለተማሪ እንደማስረዳው ላስረዳ። ሙቅ ውሃ የቆዳን ቅባት ያጥባል፤ ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቦ መውጣት ነው። በፎጣ ማሸት ሳይሆን ጫን ጫን እያደረጉ ማድረቅ ይበቃል። ቆዳው እርጥበቱን ሳያጣ ወዲያው ቫዝሊን ይቀባል። ሽቶ ያለው ሳሙና አይነካም። ጥፍር በአጭሩ ይቆረጣል። ገላን የሚነካው ልብስ ጥጥ ይሆናል፤ ሱፍ ያሳክካል። ቢቆስል ወይም ፈሳሽ ቢያወጣ ግን ጤና ጣቢያ ይኬዳል እንጂ ቤት አይቀመጥም።

መቱ ላይ የሚያስቸግረው ጥጡ ነው። ክረምቱን ሙሉ ልብስ አይደርቅም። የውስጥ ካናቴራዬን በካውያ አደርቅ ነበር፤ እርጥቡን የለበስኩ ዕለት ማሳከኩ ይመለሳልና።

አከራዬ እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ እያዩ ይገረማሉ። አንድ ቀን «ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ክርንህ ላይ ልሰርልህ» አሉኝ።

«ሲስተር ቆዳ ያቃጥላል ብላኛለች፣ እትዬ።»

«ማቃጠሉ አይደል መድኃኒቱ! የማያቃጥል መድኃኒት የት አየህ?»

እምቢ አልኩ። እትዬ ተቀየሙ። ለተወሰነ ጊዜ ሰላምታቸው አጠረብኝ።

ቆዳዬ ግን ረጋ። የምልመላው ማስታወቂያ ሲለጠፍና ስፖርት የተማሩ ሰዎች በአጎራባቿ ጎሬ ከተማ የጤና ምርመራ እንደሚደረግላቸው ስሰማ፣ ክርኔም ጉልበቴም ንጹሕ ነበር። ቢሆንም በመስታወት የጉልበቴን ኋላ ሳላይ ከቤት አልወጣም። ቀይ ነገር ፈልጌ ሳጣ ደግሞ መብራቱ ደካማ ነው ብዬ ወደ በር እወጣለሁ።

እኛ ዘንድ ሰው ከመሄዱ በፊት ይሸኛል። ውጤት የሚጠብቅ የለም። በሽኝቴ ላይ ርዕሰ መምህራችን ጋሼ ጉታ ንግግር አደረጉ፤ «ከእንግዲህ አርፋጅ ተማሪ ሳይሆን አርፋጅ ወታደር ያሯሩጣል» ብለው አሳቁ። ተማሪዎቹ «በርሲሳ፣ ጀባዱ!» እያሉ ጮኹ፤ በርታ ማለታቸው ነው። መጨረሻ ላይ እትዬ አስካለ ተነሡ። በእጃቸው የሠሩትን አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ አወጡ።

«በፌጦው አኩርፌህ ነበር» አሉ። «ይኸው ታረቅን።»

ሳየው አንገቴ ላይ ማሳከክ የጀመረኝ መሰለኝ። አመሰገንኩ።

በምርመራው ቀን ጠዋት ይዘንብ ነበር። ሹራቡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መናኸሪያ ስደርስ፣ እትዬ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጎሬ የምትኖር እህታቸውን ሊጠይቁ ነው።

«ሹራቡስ? በዚህ ብርድ?»

አንዴ አስቀይሜያቸዋለሁ። ሁለተኛ አልቻልኩም። አውጥቼ ለበስኩት።

መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። እትዬ ለተሳፋሪው ሁሉ «ወታደራችን ነው» ይላሉ። አንዱ ሽማግሌ «ታዲያ ምን ያቁነጠንጠዋል?» ብለው ሳቁ። ዳገቱን ስንይዝ ክርኔ ውስጥ ጉንዳን የገባ ይመስለኝ ጀመር። ላለማከክ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር አደረግኩ።

«ሞቀህ?»

«በጣም ሞቀኝ፣ እትዬ።»

ጎሬ ስንወርድ ልብሴን ገልጬ ለማየት ፈራሁ። መርማሪዋ ሻለቃ ሐኪም ነበሩ። ተራዬ ደርሶ ሳወልቅ ሁለቱም ክርኖቼ እንደ በርበሬ ቀልተዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኪና ሙቀት ነው» የሚል መልስ ምላሴ ላይ ነበር። የሲስተር ሃና ቃል ትዝ አለኝ። «ችፌ ነው። ከልጅነቴ አለብኝ። ስንከባከበው ይረጋል፤ ዛሬ ሱፍ ለብሼ ነው።»

«እያወቅክ ለምን ለበስከው?»

«ስጦታ ነው። የሰጡኝ ሰው አጠገቤ ነበሩ።»

ረዳታቸው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እኛ ዘንድ ብርድ ልብሱ ሱፍ ነው፣ መምህር። እርጥብ ልብስ እንደለበስክ የምታድርበት ቀን አለ። ጥጥ ስጡኝ ብትል ማን ይሰማሃል?»

እስኪርቢቷቸውን አንሥተው ቅጼ ላይ ጻፉ።

«ቆዳህን በደንብ ይዘኸዋል፤ ያስታውቃል። የያዝከው ግን ቤትህ ሆነህ ነው። አላሳልፍህም።»

እትዬ በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አለማለፌን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሹራቡን አልወቀስኩም። ምክንያቱን ዛሬም አያውቁም።

ወደ መቱ ስመለስ ከምርመራው ይልቅ የተማሪዎቹን ሰልፍ ፈራሁ። የተሸኘ ሰው እንዴት ተመልሶ ይቆማል? ጋሼ ጉታ «ክፍለ ጊዜህን ለማንም አልሰጠሁም» አሉኝ፤ ሌላ አልጠየቁም። ሜዳው ላይ ጫልቱ እጇን አወጣች።

«በርሲሳ፣ በሽኝቱ የጮኽነውን ይመልሱልናል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እጀ ጉርድ የጥጥ ካናቴራ ለብሼ ነበር፤ የክርኔ ቅላት ገና አልደበዘዘም። ፊሽካውን ነፋሁ።

ቀላል ችፌ ለብ ባለ ውሃ፣ በቫዝሊንና በጥጥ ልብስ ይረጋል። መርጋት መዳን አይደለም። ወታደር መሆን የሚፈልግ ሰው ቆዳው በሱፍና በእርጥብ ልብስ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሐኪም አማክሮ ይወቅ፤ ለመርማሪውም ይንገር። ሽኝቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።