ሃያ አራተኛው ጾም

የከሙን ፍሬ የጋለ ቅቤ ላይ ሲንጣጣ ስሰማ ሥራ ያስፈታኛል። ባለፈው ሰሞን ወጥ ቤት ቆሜ አንድ ቁንጥር በተንኩና ያ ድምፅ ጀመረ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ሽንኩርት አልከተፍኩም፣ ዓይኔ ግን እንባ አቀረረ። የተቀቀለውን ድንች ጨምሬ ማማሰል ስጀምር ሐሳቤ ኦስሎ፣ ትቬይታ ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ የጎረቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እሷ ሴንትሩም፣ መሐል ከተማው ውስጥ፣ ቢሮዎች ታጸዳለች፤ ሥራ የምትገባው እኔ ከትምህርት ቤት በምመለስበት ሰዓት ስለነበረ፣ እስክትመጣ የምቆየው ፊት ለፊታችን ካለው በር ኋላ ነው። እዚያ ባሏ የሞተባት አንዲት ሕንዳዊት ትኖር ነበር። «ናኒ በይኝ» አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን፤ በአገሯ ቋንቋ የእናት እናት ማለት ነው። በዚያ ስም የሚጠራት የልጅ ልጅ ስላልነበራት ስሙ ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። የምንግባባው በኖርዌጅኛ ነው፤ የእሷ ያነክሳል፣ የእኔ ይሮጣል፣ መሐል ላይ እንገናኛለን።

እናቴ ጴንጤ ናት። በናኒ በር ቀዳዳ አጮልቃ፣ መደርደሪያው ላይ የቆሙትን የአማልክት ሥዕሎችና አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን የላስቲክ አበባ አይታለች። «ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ክፉ ቃል አልወጣኝም» አለችኝ። «ግን እዚያ ፊት የቀረበ ነገር አፍሽ እንዳይገባ።» እሷም የዚያን ቤት ደፍ ረግጣ አታውቅም። ማታ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትቀበለኛለች፣ ታመሰግናለች፣ ትሄዳለች።

ናኒ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቅ ነበር። ፖም ስታወጣ መጀመሪያ ለሁለት ትከፍለዋለች። ግማሹን እኔ እጅ ላይ ታስቀምጥና «ይሄ ገና የትም አልቀረበም» ትለኛለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን ግማሽ ይዛ ወደ መደርደሪያዋ የምትሄደው። ያን ጊዜ ፖሙ ጣፋጭ መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው።

ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ከአገሯ የሚላክላት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን በቀይ ይከበባል። ጨረቃ እየሞላች ስትሄድ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እየጎደለች ስትሄድም እንደገና በአሥራ አንደኛው ቀን ናኒ ትጾማለች። የኦስሎ ደመና ጨረቃን ለሳምንታት ሲደብቃት ናኒ የምታምነው ወረቀቱን ነበር። ጾሙ የሚፈታው በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ እዚህ ላይ ነበር ጣጣው። በበጋ ፀሐይቱ ሰው ሳይነቃ ትወጣለች፣ በክረምት ደግሞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጋመስ ሲል። ትምህርት በሌለባቸው ጠዋቶች ሥራዬ በረንዳ ላይ ቆሞ ማየት ነበር። ብርዱ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ ከውስጥ «ወጣች?» ትለኛለች። «ናይ» እላለሁ፣ አልወጣችም። ትንሽ ቆይታ «አሁንስ?» «ናይ።» ከጫካው ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ጭረት ሳይ «ያ! ያ!»፣ አዎ ወጣች፣ እያልኩ እገባለሁ፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና አንድ ጉርሻ ሩዝ ትቀምሳለች።

በጾሙ ቀን የምትበላው ድንች ነው፤ በከሙንና በቅቤ የተጠበሰ ድንች። አንዳንዴ ሙዝ፣ አንዳንዴ ትኩስ ወተት። ይህን ለእናቴ ሮጬ ነገርኳት፤ እኔም ትንሽ አሳባቂ ነበርኩ። «ናኒ በጾም ቅቤ ትበላለች፣ ወተትም ትጠጣለች።»

«ምኑን ጾመችው ታዲያ?» ብላ ሳቀች።

እናቴ ጴንጤ የሆነችው ከጎረመሰች በኋላ ነው። ያደገችው ረቡዕና ዓርብ በሚጾምበት ቤት ነው፤ ጾም ሲባል ጭንቅላቷ ውስጥ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ሰው ሃይማኖቱን ይቀይራል እንጂ የጾም ምግቡን አይቀይርም።

በዚያ ዓመት ናኒ የምትጾመው ለስለት ነበር። አንድ ልጅ አለቻት፣ ትሮንሄም የምትኖር። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ፅንሱ ወረደባት። ናኒ ይህን ለልጅ በሚሆን ልክ ነው የነገረችኝ፤ «ሕፃኖቹ ሳይመጡ ተመለሱ» ብላ። እናም አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሃያ አራቱንም ቀን ሳታጓድል ልትጾም ለአምላኳ ቃል ገብታለች። ጾሙ በተፈታ ቁጥር በአረንጓዴ እስክሪብቶ ምልክት የማደርገው እኔ ነበርኩ።

«አንዱ ቢጓደልስ?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

«እንደገና ከአንድ።»

ሃያ ሁለት አረንጓዴ ምልክት ደርሰን ነበር። በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ክፍል ውስጥ ትኩሳት ጣለኝ። አስተማሪዋ እናቴ ጋ ደጋግማ ደወለች፣ እሷ ግን ሥራ ገብታ፣ ስልኳ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቆልፎበት ነበር። ለናኒ ተደወለላት። በዚያ ቀን ውሃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር፤ አንዳንዴ እንደዚያ አጥብቃ ትጾማለች። በረዶ ላይ በቀስታ እየተራመደች መጣች፣ ጥቁር ሻሿን ፈታ ጠቀለለችኝ፣ በአውቶቡስ ድንገተኛ ሕክምና ወሰደችኝ። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ ስንት ሰዓት እንደጠበቅን አላስታውስም። የማስታውሰው የሱፍ ካፖርቷን ሽታና አንዲት ነርስ ቡናና ዋፍል ይዛላት መጥታ ናኒ «ናይ፣ ታክ»፣ አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ስትላት ነው።

እናቴ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር እየሮጠች ገባች። የወለል ሳሙና ሸተተችኝ። ጉሮሮዬ ነው አሉ፣ መድኃኒት ተሰጠኝ፣ ሦስታችንም አብረን ተመለስን። አውቶቡስ ውስጥ እናቴ እኔን አቅፋ፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጠችውን ናኒን ስታይ ቆየች። ናኒ አንቀላፍታለች፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ እናቴ። ጾማቸውን ነው አልኳት። ልብ ብላችሁልኝ እንደሆነ «ምን ሆነው» ነው ያለችው፤ ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ናኒን «ሴትዮዋ» ብላ አታውቅም።

ሃያ አራተኛው ቀን እናቴ ሥራ በማትገባበት ቀን ዋለ። ዛሬ የመጨረሻው ነው ብዬ ነገርኳት። ቀሚሷን አጥልቃ ወጥ ቤት ገባችና ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ቀይ ሽንኩርቱን ታግሳ አቁላላች፣ ዘይት እንጂ ቅቤ አልነካችም። ወጡን በአይስክሬም ዕቃ ሞላችው፣ ጥቂት ሎምፐ፣ ያ የኖርዌጂያኖቹ ስስ ቂጣ፣ በፎጣ ጠቀለለችና እጄን ይዛ በሩን አንኳኳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ተሻገረች። ጠረጴዛው ጋ ስትቀመጥ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ ነበር፣ ግን ተቀመጠች።

«ቅቤ የለበትም በያቸው። ንጹሕ የጾም ነው።»

ተረጎምኩ። ናኒ ክዳኑን ከፈተች። ምስሩን አየች። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ከዚያ የእናቴን እጆች አየች፤ ውሃና ሳሙና ያቆሳሰላቸውን።

«እናትሽ ናት የሠራችው?» አለችኝ።

«ያ። ለጾምሽ።»

ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር። ናኒ ተነሥታ እጇን ታጠበች፣ በጣም ረጅም ጊዜ ታጠበች። መደርደሪያው ፊት ቆማ አንድ ሁለት ቃል አንሾካሾከች። ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሎምፐውን ቆረሰች፣ ጠቅልላ ጎረሰች። አንድም ሳታስቀር በላች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እናቴም እየሳቀች ውሃ ልትቀዳላት ተነሣች። «በርበሬው በዝቶባቸው ነው፣ ምነው ቀነስ ባደረግኩት።» ሁለቱ ሴቶች በማይግባቡበት ቋንቋ ሲሳሳቁ፣ እኔ መሐላቸው ሆኜ በዓለም ላይ የቀረ ችግር ያለ አልመሰለኝም።

በማግስቱ አረንጓዴውን እስክሪብቶ አነሣሁ። ናኒ እጄን ያዘችኝ። «የዛሬው ይቆይ» አለችኝ።

በሚቀጥለው አሥራ አንደኛ ቀን እንደገና ስትጾም አየኋት። አላለቀም እንዴ ስላት፣ ቆጠራው ተምታቶባት እንደነበረና ከአንድ እንደጀመረች ነገረችኝ። አመንኳት። አመንኳት ብቻ ሳይሆን ገሠጽኳት፤ ከዛሬ ጀምሮ ምልክት ማድረጉ ብቻ ሳይሆን መቁጠሩም የእኔ ነው አልኳት። «ያ፣ አንቺ ቁጠሪ» አለችኝ። እናቴ ደግሞ ምስሩን ካልላኩ ብላ ስትነሣ፣ ናኒ በእኔ በኩል መልእክት ሰደደች፤ የእናትሽ ምስር እጅግ የሚጥመኝ ከጾሙ በማግስቱ፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው በያት። እንደዚያው ሆነ። በየአሥራ ሁለተኛው ጠዋት የአይስክሬሙ ዕቃ ሞልቶ ይሄዳል፣ ታጥቦ፣ ውስጡ ፖም ተደርጎበት ይመለሳል። ሙሉ ፖም ነበር። እናቴ ትንሽ ታገላብጠውና ትልጠዋለች።

ሌላ ሃያ አራት ምልክት አደረግኩ። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ጾም ሲቀረው ከትሮንሄም ተደወለ፤ ሴት ልጅ። ናኒ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠች። ከዚያም የቀሩትን ሁለቱን ጾመች። ብዙም ሳይቆይ እኛ ፕሪንስዳል ሰፈር ቤት አገኘንና ለቀቅን። መጀመሪያ በየሳምንቱ እንሄድ ነበር፣ በኋላ በየወሩ፣ በኋላ በበዓል። ሰበቡ ብዙ ነው። እውነቱ ግን አድጌ ነበር፣ ናኒም ከልጅነቴ ጋር እዚያው የቀረች መሰለኝ። ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አሁን ናኒ ሲኬየም ናት፣ የአረጋውያን መጦሪያ። ብዙ ነገር ጠፍቶባታል። አምና ልጇ ከትሮንሄም መጥታ አልጋዋ ዳር ተገናኘን። የድሮውን ስናነሣ እየሳቅኩ የምስሩን ነገርኳት፤ እናቴ ለጾሟ ብላ እንዴት እንደደከመች። ልጇ አልሳቀችም።

በአሥራ አንደኛው ቀን እህል አይበላም አለችኝ። ሩዝም፣ ዳቦም፣ ከሁሉም በላይ ምስርና አተር። ቅቤና ወተት ይፈቀዳል። ምስሩን በበላችበት ቀን ናኒ ደውላ ስለቱን እንዳፈረሰች ስትነግራት፣ የወረዱት ፅንሶች ሐዘን ገና ያልወጣላት ልጅ ተቆጥታ ጮኸችባት። ለምን እምቢ አላልሽም፣ ለምን አላስረዳሻትም? ናኒ የመለሰችላትን ልጇ ቃል በቃል ይዛዋለች።

«አምላክ ሌላ አሥራ አንደኛ ቀን ይሰጠኛል። ያቺ ሴት ግን በሬን ሁለተኛ አታንኳኳም።»

ፕሪንስዳል ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝ። «ዓመት ሙሉ?» አለች። «እኔ ደግሞ ቅቤ የለበትም እላለሁ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቀኑን ናኒ ረስታዋለች፣ እኔ ይዤላታለሁ። ስልኬ ይነግረኛል። በአሥራ አንደኛው ቀን ለተንከባካቢዎቿ ዛሬ ዳቦና ገንፎ አትስጧት እልና ድንቼን ይዤላት እሄዳለሁ። ባለፈው ሰሞንም ያንኑ ይዤ ሄድኩ። ጎረሰች። ከዚያ ማንኪያውን በጣቷ ገፋ አድርጋ ፊቴን አየችኝ፤ ስሜን ካላወቀች ስንት ጊዜ ሆናት።

«እናትሽ ምስር አልላከችም?» አለችኝ።

«ነገ ነው፣ ናኒ» አልኳት። «ፀሐይ ስትወጣ።»

«ያ፣ ያ» አለች፣ የቀረውን ድንች በላች።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ሄድን። አሁንም የአይስክሬም ዕቃ ነው የያዘችው፤ ልማድ መቼ ይለቃል። ናኒን መስኮቱ ጋ አስቀምጠናት፣ ከግራና ከቀኝ ተቀምጠን ጠበቅን። ውጭው እንደ አመድ ነው፣ ፀሐይ ልትወጣ ነው ወይስ ወጥታለች አይታወቅም። እናቴ ክዳኑን ከፈተች፣ በማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ አነሣች፣ ናኒ አፍ ጋ ሳታደርሰው እጇን ገታችና ወደ እኔ ዞረች።

«ዛሬስ ይበላል?»

ስልኬን አየሁ። አላመንኩትም፣ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩና እንደ ልጅነቴ አንገቴን አወጣሁ።

«ይበላል» አልኳት።